በገናና እስክስታ በአንድ ሳሎን፦ ባልና ሚስት ውድ ስፒከር ሲገዙ

እኔ በገና እወዳለሁ። ዋሽንትና ማሲንቆ ከተጨመረበት ደግሞ እሰየው። ባለቤቴ እስክስታ ያለበት ሁሉ ይመቻታል። ከዚያ አለፍ ስትል የውጭ ሂፕ ሆፕ ትከፍታለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ 4 በ4 የሆነች ሳሎን አለችን። በዚህች ሳሎን ምክንያት ነው ስለ ስፒከር ብዙ የተማርነው።

የመጀመሪያውን የገዛሁት በቁመቱ ነው። ወገቤ ላይ ይደርሳል። ሻጩ «ይሄ ቤት ያነቃንቃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በሙሉ ተነቃነቁ። የእኔ በገና ግን ጭቃ ውስጥ የሚደረደር መሰለ። የእሷም ከበሮ ምቱ አልለይ አለ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም ማለት ሲገባው አንድ ረጅም «ዱውውው» ሆነ። ስንሸጠው የገዛንበትን ግማሽ እንኳ አላገኘንም። ሌላ ሰው ያንን ገንዘብ እንዳያጣ ይሄን ጽፌያለሁ።

መጀመሪያ የምትጠሉትን ጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሁለታችሁም ለየብቻ ጻፉ። የምትወዱትን ዘፈን አይደለም፤ በድምፅ በኩል የሚያናድዳችሁን ነው። ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ የዘፋኝ ስም ይጠራል። የሚጠላውን ሲጠየቅ ግን ስለ ድምፁ ያወራል። ለስፒከር ግዢ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው።

እኔ የጻፍኩት ይሄን ነው፦ ዘማሪት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ጆሮ የሚወጋ፣ «ሰ» እና «ሸ» ላይ የሚያፏጭ፣ በገናን የሚያደፈርስ። ባለቤቴ የጻፈችው፦ ከበሮው የሚፈዝበት፣ ድምፅ ሲቀነስ ዘፈኑ የሚሞት፣ «ሁልጊዜ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ብቻ ላይ የሚያምር»። የመጨረሻዋ ነጥብ ነገር ነበረባት። ግን ልክ ነበረች፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ታየን። በገና 10 አውታር ያለው፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ መሣሪያ ነው። ስለዚህ «ስፒከሩ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ) ካለው በቂ ነው» እንላለን። ስህተት ነው። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ ነዛሪ ድምፁ ነው። እሱም የሚመጣው እንዚራ ከምትባለው፣ አውታሩ ሥር ከምትገባው የቆዳ ቁራጭ ነው። ያ ንዝረት ቤዝ ብቻ አይደለም፤ ከበላዩ ብዙ ስስ ድምፅ አለው። ከበሮም እንደዚያው ነው። ሆዱ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። መዳፍ ቆዳውን ሲመታ የሚወጣው ጥፊ ግን ስስ ነው። ጥፊው ካልተሰማ እስክስታው ትከሻ አይነካም።

ለካስ ባልና ሚስት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ወፍራሙ ድምፅ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ የሚያቆም፣ ከላይ ያለውን ስስ ድምፅ የማይሸፍን። ይሄ የእኛ ግኝት ብቻ አይደለም። ፍሎይድ ቱል የሚባል ካናዳዊ ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎችን ስፒከሩን ሳያዩ እያስደመጠ መርምሯል። አብዛኞቹ አድማጮች የወደዱት ተመሳሳይ ዓይነት ስፒከር ሆኖ አገኘው፦ የትኛውንም ድምፅ ለይቶ የማያጎላ፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ከፊት ለፊቱ ብዙ የማይለይ። ስለዚህ «ይሄ ለመዝሙር፣ ይሄ ለጭፈራ» የሚላችሁን ሻጭ በትሕትና አልፋችሁ ሂዱ። በጣዕማችሁ የሚወሰነው ሁለት ነገር ነው፦ ቤዙ ምን ያህል ይውረድ፣ ድምፁስ ምን ያህል ይጩህ።

ሜትር አምጡና ሳሎኑን ለኩ

ይሄን ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነው የተቃጠልኩት።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ያንን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍሉት። 343 ለ8 ሲካፈል 43 ይሆናል። ስለዚህ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ሄርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ቤዝ በራሱ ያጎላዋል፤ ያንቀረቅበዋል ማለት ይቀላል። ክፍሉ 4 በ4 ከሆነ ደግሞ ርዝመቱም ወርዱም እዚያው ቦታ ላይ ያጎላሉ። አንዱ ግድግዳ የጀመረውን ሌላው ያግዘዋል። የእኛ «ዱውውው» የመጣው ከዚህ ነው። ስፒከሩን ብቻ ስረግም ነበር።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሳሎን ብዙ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው የተለሰነ፣ መስኮቱ ሰፊ። ድምፅ ከዚያ ሁሉ ላይ ይነጥራል። ምርመራው ቀላል ነው። ሳሎኑ መሃል ቁሙና አንዴ በደንብ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ጭርር» የሚል ጭራ ከሰማችሁ ከስፒከር በፊት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ግዙ። ለጥግ ደግሞ የጥጥ ፍራሽ ጠቅልሎ ማቆም ይረዳል። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምትሉ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ በባና ሸፍነነዋል።

አንድ ሌላ ነገር። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ኮርኒሱም ስስ ከሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስፒከር ለመፈተን አትድከሙ። ዝናቡ ይዘፍንላችኋል።

ትልቅ ወይስ ትንሽ?

ለእንዲህ ዓይነት ክፍል የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በመቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ጥሩ ትንሽ ስፒከር፣ ሲያስፈልግ ከሳብ ዉፈር (ቤዝ ብቻ ከሚያወጣ ሳጥን) ጋር። ረጅሙን ለሰፊ አዳራሽ ተዉት።

ምክንያቱን በምሳሌ ልንገራችሁ። ኬኢኤፍ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ኤልኤስ50 ሜታ የተባለ ትንሽ ስፒከር አለው። በፋብሪካው አኃዝ ድምፁ 47 ሄርዝ ላይ ሲደርስ በ6 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ይቀንሳል። ማለትም ስፒከሩ መድከም የሚጀምረው 4 በ4 ክፍል ማጉላት በሚጀምርበት አካባቢ ነው። ክፍሉ የጎደለውን ይሞላለታል። እስከ 25 ሄርዝ የሚወርደው ትልቁ ስፒከር ግን ሙሉ የነበረውን ክፍሉ ያስተርፈዋል። ለበገናና ለሰው ድምፅ ትንሹ ይበቃል። ለባለቤቴ ሂፕ ሆፕ ግን አይበቃም። እዚያ ጋ ሳብ ዉፈር ይመጣል። ጥቅሙ መቀነሻ ስላለው ነው። በሁዳዴ 55 ቀን የእኔ በገና ቤቱን ሲገዛ እንቀንሰዋለን። ፋሲካ ሲገባ መቀነሻው በእሷ እጅ ነው።

ሳብ ዉፈር ስትገዙ ሳጥኑ ዝግ የሆነውን እመርጣለሁ። ቀዳዳ ያለው ይበልጥ ይጮሃል፤ ዝጉ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ ያቆማል። ለከበሮ ዋናው ማቆሙ ነው። ትንሾቹም ቢሆኑ የአየር ቀዳዳቸው ከኋላ ከሆነ ግድግዳ ላይ አትለጥፏቸው።

ካርቶኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ

«1000 ዋት» የሚል ደማቅ ጽሑፍ ካያችሁ አትደንግጡ፤ አትመኑትም። የሚጠቅመው አምፕሊፋየሩ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) በ8 ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ) ላይ፣ ግራና ቀኙ አብረው ሲሠሩ፣ ሳይቋረጥ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ነው። 50 እውነተኛ ዋት ብዙ ሥራ ይሠራል።

ስፒከሩ ላይ ደግሞ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ፈልጉ። ስፒከሩ በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚነግር ቁጥር ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈለገው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ኤልኤስ50 ሜታ 85 ነው። የአሜሪካው ክሊፕሽ ሄረሲ 4 ደግሞ በፋብሪካው አኃዝ 99 ነው። በቁጥሮቹ ከሄድን እኩል እንዲጮሁ ለመጀመሪያው 25 እጥፍ ኃይል ያስፈልገዋል። ቤታችሁ ሠርግ ሠርግ የሚሸት ከሆነ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚጨፈርበት ከሆነ፣ እንደ ክሊፕሽ ያለው፣ ቀንድ (እንደ ጥሩንባ አፍ የሰፋ ድምፅ ማውጫ) ያለው ስፒከር አይደክምም። ለቀስታ አድማጭ ግን ያ ቁጥር ብዙም አያሳስብም።

ኦሙ 4 ከሆነ አምፕሊፋየሩ 4 ኦም እንደሚችል ጠይቁ። በቁጥር በኩል ከዚህ በላይ አልደክምም። ትዊተሩ (ስስ ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ከሐር ይሠራ ከአሉሚኒየም በሚለው ላይ ሰዎች ይጣላሉ። አሠራሩ ነው የሚወስነው። ሐር ሆኖ የሚያፏጭም ብረት ሆኖ የሚለሰልስም ሰምቻለሁ።

ማዳመጥ፦ እዚህ ጋ አትቸኩሉ

አዲስ አበባ ሄዳችሁም ይሁን ባሕር ዳር ወዳጅ ቤት፣ ሳትሰሙ አትግዙ። የራሳችሁን ሙዚቃ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚከፍተው ሙዚቃ ስፒከሩን እንዲያሳምር የተመረጠ ነው።

እኛ ይዘን የሄድነው ስድስት ነገር ነበር። ያለ መሣሪያ የሚዜም ዜማ። በገና። ማሲንቆ ከአዝማሪ ድምፅ ጋር። ከበሮና ጭብጨባ የበዛበት የጎጃም እስክስታ። ከሸክላ ዘመን የተረፈ ኢትዮ ጃዝ። አዲስ፣ ቤዙ በኮምፒውተር የተሠራ ዘፈን።

ኢትዮ ጃዙን ያስገባሁት በተንኮል ነው። የሸክላና የካሴት ዘመን ቅጂ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው፤ ጥሩንባውም ሹል ነው። ከላይ የሚያጎላ ስፒከር አዲስ ዘፈን ላይ «እንዴት ጥርት ያለ ነው!» ያሰኛል። አሮጌውን ሲከፍቱለት ግን ጆሮ ይበሳል። አብዛኛው የምንወደው የአገር ቤት ሙዚቃ ደግሞ አሮጌ ነው።

ሰባተኛው ከሁሉም ይበልጣል። የባለቤታችሁን ድምፅ በስልክ ቅዱና ይዛችሁ ሂዱ። ዝም ብላ ስለ ገበያ ታውራ። የማንንም ዘፋኝ እውነተኛ ድምፅ አታውቁትም፤ የእሷን ግን ታውቁታላችሁ። ስልክ ስቱዲዮ ባይሆንም በሁሉም ስፒከር ላይ አንድ ዓይነት ቅጂ ስለሆነ ለማወዳደር ይበቃል። በአንዱ ስፒከር ጉንፋን የያዛት መሰለች። በሌላው ከጉድጓድ ውስጥ አወራች። በሦስተኛው ዞር ብዬ አየኋት። የንግግር ነገር አዲስ አይደለም። ቢቢሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለስርጭት መኪናዎቹ የሠራው ኤልኤስ3/5ኤ የተባለ ትንሽ ስፒከር እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራው በሰው ድምፅ ነው።

እኛ ጎጃሞች ሌላም ዕድል አለን። ብዙ የውጭ ሰው ቫዮሊን የሚያውቀው ከቅጂ ነው። እኛ ከበሮን ጥምቀት ላይ በቅርብ ሰምተናል፤ ዋሽንትን ከእረኛ። የዋሽንቱ ትንፋሽ ከስፒከሩ ካልወጣ ትንፋሽ አልባ ዋሽንት ነው፤ አትከራከሩ፣ ተዉት።

አሁን አሠራሩ።

ድምፁን እኩል አድርጉ። ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የሚሻል ይመስላል። ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ይጫናል። ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጡና ሁለቱም ስፒከር ላይ ተመሳሳይ ቁጥር እስኪመጣ አስተካክሉ።

ከዚያ ስፒከሮቹን በስስ ነጠላ ሸፍኑ። ስስ ከሆነ ድምፁን ብዙም አይነካም፤ ዓይንን ግን ያሳርፋል። እንጨቱ የሚያብረቀርቀው ስፒከር የተሻለ ይሰማል፤ እኔ ራሴ ተይዣለሁ። አንዳችሁ ቀያይሩ፣ አንዳችሁ ስሙ። ከዚያ ተለዋወጡ። እስክትጨርሱ አንድ ቃል አትነጋገሩ፤ ፊታችሁንም አታኮሳትሩ። አንድ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ።

በመጨረሻ ድምፁን በጣም ቀንሱት። ቡና ሲፈላ፣ ሰው ሲያወራ የሚከፈተውን ያህል። ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን መጀመሪያ የሚያጣው ቤዙን ነው። ይሄ የጆሮ ጠባይ ነው። እዚያ ላይ ሕይወቱን የማያጣ ስፒከር ካገኛችሁ ያዙት። ከዓመቱ ቀናት አብዛኛውን የምትሰሙት በዚያ ልክ ነው። ባለቤቴ ወረቀቷ ላይ «ዘፈኑ የሚሞት» ያለችው ይሄን ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም።

ሁለታችሁ የመረጣችሁት ቢለያይስ? የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡ። አንዳችሁ የምትጠሉት ነገር ያለበትን ሰርዙ። አንደኛ የወጣውን ሳይሆን ማንንም የማያስከፋውን ግዙ። እኛ የገዛነው የሁለታችንም ሁለተኛ ምርጫ ነው።

መብራትና አምፕሊፋየር

ተራ ስፒከር ራሱ መብራት አይፈልግም። አምፕሊፋየሩ ይፈልጋል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ 220 ቮልት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የእነሱ 120 ነው፤ ዘመዳችሁ ላያስታውስ ይችላል። ጥሩ ስታቢላይዘር ግዙ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አታብሩ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

ከፍታውንም አስቡት። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2400 በላይ። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መመሪያው ላይ «እስከ 2000 ሜትር» ይላል። አየሩ ሲሳሳ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ብፌ ውስጥ አትዝጉበት። ከላዩም ዳንቴል አታልብሱት። አማቴ አልብሳው ነበር፤ እስክትሄድ ጠብቄ አነሳሁት።

ማስቀመጥ

ሁለቱ ስፒከሮችና ሶፋው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ጎኖቹ እኩል ቢሆኑ ጥሩ ነው። ትዊተሩ ተቀምጣችሁ ጆሯችሁ ካለበት ቁመት ጋር ይስተካከል። ከኋላ ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል አርቁ። ሶፋውንም ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፤ እዚያ ቤዙ ይከማቻል። በ4 በ4 ክፍል ይሄ ሁሉ ቦታ እንደማይገኝ አውቃለሁ። የቻላችሁትን ያህል።

አሁን ወደ ባለቤቴ ነገር። «አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ብቻ ላይ የሚያምር» ያለችው። መሃል የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው። ሌላው ወደ ጎን ሲሆን ድምፁ ሁሉ ወደ ቅርቡ ስፒከር ይጎተትበታል። መፍትሔ አለው። ስፒከሮቹን ወደ ውስጥ በደንብ አዙሯቸው። ፊታቸው የሚጣመርበት ነጥብ ከእናንተ ጀርባ ሳይሆን ከእናንተ ፊት፣ ረከቦቱ የሚቀመጥበት አካባቢ ይሁን። ያኔ ወደ ግራ የተቀመጠው ሰው የቀኙ ስፒከር ፊት ለፊቱ ይሆናል፤ ቅርቡ ግን በጎኑ ያልፋል። የሩቁ ይጎላል፣ የቅርቡ ይለሳለሳል፣ ሚዛኑ ይመጣል። ኤልኤስ50ን የመሰሉት፣ ትዊተራቸው ዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) መሃል የተቀመጠው፣ ለዚህ ያግዛሉ። እንደ ወንበርና እንደ ሶፋ ቁመት ድምፃቸው ቶሎ አይለዋወጥም።

ሳብ ዉፈሩን ለማስቀመጥ ያለው ዘዴ ያስቃል፤ ግን ይሠራል። ሳብ ዉፈሩን ሶፋው ላይ፣ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በእጅና በጉልበት እየዳሃችሁ የግድግዳውን ዙሪያ ሂዱ። ምቱ ጥርት ብሎ የተለየበት ቦታ ላይ ሳብ ዉፈሩን አኑሩት። እኔ ስድህ ጎረቤት ገብታ «ምን ጠፋህ?» አለችኝ። «ቤዝ» አልኳት።

ከዚያ የብፌውን ብርጭቆዎች አራርቁ፤ እርስ በርስ አይነካኩ። መደርደሪያው ላይ ስስ ስፖንጅ ብታነጥፉ ደግሞ የተሻለ ነው።

ገመድ ላይ ብዙ ብር አታፍስሱ። ወፍራም የመዳብ ገመድ ይበቃል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መግጠማችሁን ግን ሁለቴ እዩ። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፤ ድምፁም የት እንዳለ አይታወቅም።

ካርቶኑንና ስፖንጁን አትጣሉ። አንድ ቀን ለጥገና አዲስ አበባ መላክ ቢኖርባችሁ ዕቃው ከደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን ድረስ በዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ መንገድ ይነቃነቃል። የእኛው ካርቶን አልጋ ሥር ነው። በየጊዜው ትጥለው ይሆን እያልኩ አጎንብሼ አያለሁ።